እናቴ ድርጅት የሆነችበት መመሪያ

ሥራዬ ስሞችን ቀለም መቀባት ነበር። የከተማችን የሞክፖ ጋዜጣ በኮምፒውተር ይመጣልኛል፤ የሰው ስም ሰማያዊ፣ የቦታ አረንጓዴ፣ የድርጅት ቢጫ አደርጋለሁ። ማሽን ከእኛ ይማራል አሉ። ያንኑ ገጽ ሌላ ሰው ለብቻው ይቀባዋል፤ ቀለማችን ካልገጠመ ነጥብ ይቀነሳል። ሁለተኛ ደረጃን ብቻ ለጨረሰና የኮምፒውተር መስኮት ላይ አፍጥጦ መዋል ለሚወድ እንደኔ ዓይነት ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው።

መመሪያውን የሚያወጡልን ፕሮፌሰር ታክ ናቸው። በተሻሻለ ቁጥር ይወፍራል። የሰባተኛው እትም ገጽ አርባ አንድ እንዲህ ይላል፦ «ሴት በልጇ ስም ስትጠራ ስሙ የእሷ አይደለም። ጥሪው በንግድ ቤት ላይም ከተጻፈ፣ ድርጅት ተብሎ ይመዝገብ።»

እናቴ በዓሣ ገበያው ሠላሳ ዓመት ያንን የሚከረፋ የተብላላ ዓሣ ሸጣለች። ሰሌዳዋ ላይ «እነ ፒልሆ» ተብሎ ተጽፏል። ፒልሆ እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ እናት በልጇ ስም ስለምትጠራ፣ ገበያተኛውም ጋዜጣውም እሷን ራሷን «እነ ፒልሆ» ነው የሚሏት፦ «እነ ፒልሆ በጎርፉ ጊዜ ለጎረቤት ሾርባ አበሰለች»፤ «እነ ፒልሆ ጉልበቷን አሟታል»። ጉልበቱን የሚያመው ድርጅት አይቼ ስለማላውቅ ሰማያዊ ቀባኋት።

ነጥቤ ተንኮታኮተ። እስከ ዓርብ ካላስተካከልኩ ውሌ እንደሚቋረጥ ተጻፈልኝ።

ረቡዕ ስብሰባ ላይ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ።

«እነ ፒልሆ ሰው ናት» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ ስሜትህን እቤትህ ተወው። ይሄ ሳይንስ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ሰው ከሆነች ስም አላት። ማን ትባላለች?»

ልጇ ሆኜ ስሟን ለማስታወስ ማሰብ ነበረብኝ!

«ኖ... ኖ ማልሱን።»

ኮምፒውተሩ ላይ ፈለጓት። በአሥር ዓመት ጋዜጣ ውስጥ አንድ ጊዜም አልተጻፈችም።

«ይኸው! ኖ ማልሱን ስትመጣ ሰማያዊ ቀባት። እስክትመጣ ቢጫ ናት።»

«ቶሪስ?» አለች ከኋላ የሥራ ባልደረባዬ ሚጆንግ። ቶሪ የፕሮፌሰሩ ውሻ ነው፤ በየሳምንቱ ጋዜጣው ላይ ስለ እሱ ይጽፋሉ።

«ቶሪ የግል መጠሪያ አለው። ገጽ አሥራ ሁለትን ተመልከቺ፤ ሰው።»

የሳቀ የለም። ሁሉም ማስታወሻ ያዘ።

ከሥራ ስወጣ ገበያ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት።

«ድርጅት ነሽ ብለውሻል።»

«ግብር ጨምሪ አይበሉኝ እንጂ ምን ቸገረኝ!»

«ውሻቸው ግን ሰው ነው።»

ቢላዋዋ ቆመ። «እንግዲያው ይምጣና የዚህን ዓሣ ሆድ ዕቃ ያውጣልኝ፤ ሰው አይደል?» ብላ ተንከተከተች። ቆየት ብላ ግን፣ «ስሜን ስትነግራቸው ምን አሉ?» አለችኝ።

«የለችም አሉ።»

ዓሣውን መቁረጧን ቀጠለች።

ዓርብ ጠዋት እነ ፒልሆን ባገኘሁበት ሁሉ ሰማያዊ፣ ቶሪን ባገኘሁበት ሁሉ ቢጫ ቀባሁ። ለምሳ ሳልነሳ ተባረርኩ።

በዚያው ዕለት ሰማያዊ ቀለም ገዝቼ የእናቴን ሰሌዳ ጽሑፍ ደመሰስኩና «ኖ ማልሱን» ብዬ ጻፍኩበት። ቅዳሜ ለሃያ ዓመት ደንበኛዋ የሆነ አንድ ሰው መጥቶ ሰሌዳው ሥር ተገተረ።

«እነ ፒልሆ ሱቁን ሸጣ ሄደች እንዴ? ይቺ ኖ ማልሱን ደግሞ ማን ናት?»

እናቴ ዓሣው ላይ እንዳቀረቀረች ቀና እንኳ አላለች።

«እኔም አላውቃትም። ዓሣዋ ግን ጥሩ ነው፤ ስንት ኪሎ ላድርግልህ?»