ቄስ ገብረ ሕይወት የገዘቱት ሩጫ

በፍኖተ ሰላም ከተማ ፎርሙላ ዋን የሚባለውን የመኪና ውድድር ከልቡ የሚከታተል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪው አሸናፊ። መንጃ ፈቃድ የለኝም። መሪ ጨብጬ አላውቅም። እንዲያውም ከደምበጫ እዚህ ድረስ ላለችው መንገድ እንኳ ፌስታል ሳልይዝ አውቶቡስ አልሳፈርም፤ ፌስታሉንም ባዶውን ይዤ ወርጄ አላውቅም። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ፣ በቴሌቪዥን የማየው ተወዳዳሪ ኩርባ ላይ ፍሬን ሲያዘገይ "ኧረ አይደለም የኔ ወንድም፣ እንዲህ አይያዝም!" እያልኩ ከወንበሬ የምነሳው።

ተከራካሪ ባይኖረኝ ኖሮ ይሄ እብደት ብቻውን ይበርድ ነበር። ደሞዝ አለልኝ። ደሞዝ የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነው፤ የእሱ ደግሞ የሞተር ብስክሌት ውድድር ነው። መሥሪያ ቤቱ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞርበት ሞተር ሰጥቶት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ የቡሬ መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ጓሮ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ደሞዝ በእግሩ ይዞራል። የከተማው የሞተር ስፖርት ሊቃውንት እንግዲህ እኛ ሁለታችን ነን፤ ጉድ በል ጎጃም!

እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ እትዬ ባንቺአየሁ ሻይ ቤት እንገናኛለን። ጊዜው ከሚሊኒየሙ ማግስት ነው፤ ዲሽ የተከለ ሻይ ቤት ሁሉ ኳስ ቤት ሆኗል። እትዬ ባንቺአየሁም ቴሌቪዥኑን የሚለቁልን ኳሱ እስኪጀምር ብቻ ነው፤ ለዚያውም "የእነዚህን ዝንቦቻችሁን ድምፅ ቀንሱልኝ፣ ራሴን አዞሩኝ" እያሉ። የጋዜጠኛው እንግሊዝኛ ግማሹ ያመልጠኛል፤ ደሞዝ ፊት ግን ሙሉውን እተረጉማለሁ። የጎደለውን ከራሴ እሞላለሁ።

"መኪናው እኮ ነው የሚሽቀዳደመው፤ ሰውየው ተሳፋሪ ነው" ይላል ደሞዝ። "ካሜራው የሚያሳይህ የራስ ቁር ብቻ ነው። የእኔን እስቲ እይ፣ ጉልበቱ አስፋልት እየነካ ሲታጠፍ ታየዋለህ። ሰው መሆኑን ታያለህ።"

"የአንተማ ሳይሞቅ ያልቃል" እላለሁ። "ሻዬ ሳይበርድ ሸልመው ይበተናሉ። የእኔ ስልት አለው፣ ጎማ ቅየራ አለው።"

"ጎማ ሲቀየር ለማየትማ መናኸሪያ እሄዳለሁ!"

በስፖርት ዜና መጨረሻ ላይ ብልጭ ብላ በምትጠፋው ምስል እንኳ፣ የማን ውድድር በዛ ብሎ ታየ ብለን እንከራከር ነበር። ከሳምንቱ ሁሉ የምወዳት ሰዓት ያቺ ነበረች። ሰኞ ጠዋት ስለ ስምጥ ሸለቆ እያስተማርኩ፣ በሆዴ ለደሞዝ የምመልሰውን አዘጋጅ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ እሑድ የሁለታችንም ውድድር እኩል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገጠመ። ቴሌቪዥኑ አንድ ነው። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ሪሞቱን ቀድሜ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ደሞዝ ተነሣና ጣቢያውን በእጁ ቀየረው። ሪሞቱን አውጥቼ መለስኩት። ቀየረው፤ መለስኩት።

"አውቶቡስ የሚያስመልሰው ሰው ነው ስለ ፎርሙላ የሚያስተምረኝ?" አለ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ።

"ሞተር ቦይ ውስጥ ከወረወረው ሰው ይሻላል!" አልኩ።

ለኳሱ ቀድመው ቦታ የያዙት ጎረምሶች በሳቅ ፈረሱ፤ የሚያጨበጭብም ነበር። ሁለታችንንም ያንገበገበን ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ተኮራርፈን ወጣን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሞዝ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፤ እኔም ቀድሞኝ እንዳይቀይር እሮጣለሁ።

ችግሩ ሁለታችንም የአንድ የሚካኤል ማኅበር ማኅበርተኞች መሆናችን ነው። የሰኔ ሚካኤል ድግስ ተራው ደግሞ የእኔ ነው። በማኅበራችን ደንብ የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋ አይነሣም፤ ማኅበሩ የተጣላውን ሰው ቤት ዘሎ ወደሚቀጥለው ባለተራ ይሄዳል። እፀገነትን ካገባኋት ዓመት አልሞላም፤ ማኅበር ስትደግስ የመጀመሪያዋ ነው። ጠላው ተጠንስሷል። እናቷ ሊያግዟት ከፈረስ ቤት ከተማ ድረስ መጥተዋል።

"ጽዋው የእኔን ቤት ዘሎ ሲሄድ የሰፈር ሴት ምን ትለኛለች?" አለች፣ እንባዋን እየጠረገች። "ምን አድርጋ ይሆን ነው የሚሉት። ባሌ በቴሌቪዥን መኪና ተጣልቶ ነው ብዬ ልመልስላቸው? በሞቴ አሹ፣ ታረቅ!"

አንጀቴን በላችው። አፈርኩም። በማግስቱ የማኅበራችን የነፍስ አባት ቄስ ገብረ ሕይወት ዘንድ ሄጄ "አባ፣ ያስታርቁን" አልኩ።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። ከቄስ ገብረ ሕይወት ጋር አያ ክንዱ መጡ። አያ ክንዱ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ በአካባቢው እሳቸው ያልገቡበት የወሰን ጠብ የለም። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው "በሉ፣ ማን በማን ላይ ምን አጠፋ?" አሉ።

አስረዳሁ። በደንብ ነው ያስረዳሁት፤ ስለ ጎማውም፣ ካሜራው ፊተኛው መኪና ላይ እየተጣበቀ የኋላውን ፍልሚያ ስለሚያስመልጠን ነገርም። ደሞዝም ቀጠለ፤ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "ይሄ ሰውዬ" እያለ። አያ ክንዱ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ።

"መኪናው የአንተ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም።"

"ሞተሩስ የአንተ ነው?" አሉት ደሞዝን።

"አይደለም፣ አያ።"

"ከሚነዱት ውስጥ ዘመድ አላችሁ?"

"የለንም" አልን በአንድ ላይ።

"ለመሆኑ ዞረው ዞረው የት ነው የሚደርሱት?"

ይቺን ባልጠየቁኝ እያልኩ ነበር። "እዚያው የተነሡበት" አልኩ።

አያ ክንዱ ወደ ቄሱ ዞሩ። "አባ፣ እኔ በወሰን የተፈነካከተ ስንቱን አስታርቄያለሁ። መሬት ነው፣ ይገባኛል። የእነዚህ ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው" አሉ።

ደሞዝን ሳቅ አመለጠው። እኔንም አመለጠኝ። ተያየን፤ ነገሩ በእኔ ቤት እዚያው አለቀ።

ቄስ ገብረ ሕይወት ግን አልሳቁም። "ዛሬ ስቃችሁ በሚመጣው እሑድ ልትነካከሱ?" አሉ መስቀላቸውን እያወጡ። "እሾህ የሚነቀለው ከሥሩ ነው። ከእንግዲህ ስለዚህ ሩጫ አንተ ለእሱ፣ እሱም ለአንተ አንዲት ቃል እንዳታነሡ በሚካኤል ገዝቻችኋለሁ።"

ደሞዝ ቀና አለ። "አባ፣ ማየቱስ?"

"እዩ፤ ማን ከለከላችሁ? ከሌላ ሰው ጋርም የፈለጋችሁትን ያህል አውሩ። እርስ በርሳችሁ ግን አይሆንም።"

ከሌላ ሰው ጋር! ኧረ አባ፣ ሌላው ሰው የታለ? ቡሬ ድረስ ብንፈልግ እናገኛለን? ይህንኑ ልል አፌን ስከፍት እፀገነት እንባዋን ስትጠርግ በዓይነ ሕሊናዬ ታየችኝ። "እሺ አባ" አልኩ። ደሞዝም እሺ አለ። ተሳሳምን፣ መስቀል ተሳለምን፤ አያ ክንዱ መረቁን።

ድግሱ አማረ። ጽዋው ቤታችን ገባ፤ ሴቶቹ ጠላውን እየቀመሱ "እጅሽ ይባረክ" ሲሏት እፀገነት የምትሆነው ጠፋት። እሷን ሳይ እሰየው አልኩ፣ ከልቤ ነው። ደሞዝ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያ አወራን። የምናወራው ሲያልቅብን ዳቦ በላን።

በቀጣዩ እሑድ እትዬ ባንቺአየሁ ሻያችንን ሲያቀርቡ "እንኳን ታረቃችሁ፣ ቤቴም ጸጥ አለ" አሉን። የሞተር ውድድር የሌለበት ቀን ስለነበር የእኔን መኪኖች ጎን ለጎን ተቀምጠን አየን። ደሞዝ ሻዩን ማማሰል አበዛ። ሩጫው ሊያልቅ ሲል ዝናብ ጣለ። አብዛኞቹ ጎማ ሊቀይሩ ገቡ፤ ሁለተኛ የነበረው ልጅ ግን የደረቅ መንገድ ጎማውን እንዳደረገ፣ እየተንሸራተተ፣ የመጨረሻው ኩርባ ላይ በውጭ በኩል ዞሮ ፊተኛውን አለፈው! እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከወንበሬ ዘልዬ ወደ ደሞዝ ዞርኩ።

እሱም ቆሟል። የእሱ ሞተር ሳይሆን የእኔው መኪና ነው፤ ግን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እኔም አፌን ከፍቼ አየዋለሁ። ከኋላችን ለኳሱ የመጡት ጎረምሶች ጣቢያ ቀይሩ እያሉ ይጮኻሉ።

ደሞዝ አፉን ገጠመ።

"እፀገነት ደህና ናት?" አለኝ።

"ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት።

ተቀመጥን።