ኢፋት ውሃ ውስጥ ስታንጎራጉር

ውሃ እፈራለሁ። ደብቄም አላውቅ። ኮምቦልቻ ሳለሁ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ከሩቅ አይቼው እንኳን ወደ ቤት እሮጥ ነበር፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ነገር ምኑ ይታመናል? አላህ ግን እንደኔ ላለች ፈሪ ከውሃ የማትወጣ ልጅ ሰጠ። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምንኖርበት አፓርታማ ግቢ ውስጥ ፑል አለ። ኢፋት እዚያ እየተንቦራጨቀች አደገችና አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት የሰፈሩ የዋና ክለብ ካልገባሁ ብላ ድርቅ አለች። አባቷ ሰዒድ ለልጁ እምቢ ማለት አያውቅበትምና "ትግባ" አለ፤ እኔም አስመዘገብኳት።

ክለብ ሲገባ የዋና ልብስ ያስፈልጋል። የእኛ ደግሞ እጅና እግር የሚሸፍን መሆን ነበረበት። ፈልጌ አገኘሁና እንደ አገሬ ሰው ሁሉ "ታድግበታለች" ብዬ ሁለት ቁጥር አስበልጬ ገዛሁ። ጫማ ሲሰፋ ሶፍት ይጠቀጠቅበታል፣ ቀሚስ ሲረዝም ይታጠፋል፤ ሰፊ የዋና ልብስ ግን ምን እንደሚሆን የነገረኝ የለም። የመጀመሪያው ቀን ኢፋት ዘላ ስትገባ ልብሱ ውሃ ሞልቶት እንደ ጆንያ ተነፋ። ልጄ እጇን ትወረውራለች፣ እግሯን ትመታለች፣ ካለችበት ፈቀቅ አትልም። አጠገቤ ያሉት እናቶች ሳቃቸውን ዋጡት። እኔ ከማፈር ይልቅ ተናደድኩ፤ ሻጩንም የሰፋውንም በሆዴ እየሰደብኩ ልጄን አውጥቼ ወደ ቤት ልወስድ ተነሳሁ።

ኮች ዶናን ያወቅኋቸው ያን ጊዜ ነው። የክለቡ አሠልጣኝ ናቸው፤ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ተወልደው ያረጁ ጥቁር አሜሪካዊት፣ በእድሜ እናቴ የሚሆኑ። መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ልጅሽ ለምን ተሸፈነች አላሉኝም።

"መሸፈኑ ምንም አይደል፤ ያስቸገራት ስፋቱ ነው" አሉ። "የዋና ልብስ ለሚመጣው ዓመት አይገዛም። ደረቁን ስትለብሰው ጠበበኝ ካለች፣ ውሃ ሲነካው ልኳ ይሆናል።"

ከዚያ ኢፋትን ጠርተው መነጽሯን አወለቁላት። "ማሰሪያውን ተይውና ዓይንሽ ላይ ጫን አድርጊው። ትንሽ ተጣብቆ ከቆየ ያንቺ ነው። ቶሎ ከወደቀ ግን ማሰሪያውን ብታጠብቂውም ውሃ ማስገባቱን አይተውም፤ ትርፉ ራስ ምታት ነው።" መነጽሩ ወደቀ። እሱንም አስበልጬ ነበር የገዛሁት።

ልብሱም መነጽሩም ተቀየረ፤ ልጄም ተቀየረች። በሁለተኛው ሰመር ኮች ዶና አራት ልጆች ተቀባብለው የሚዋኙበት ቡድን ውስጥ አስገቧት። ለኢፋት ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረም። ሦስቱን ልጆች "ማይ ገርልስ" ትላቸዋለች፤ እህት አልወለድኩላትምና ደስ አለኝ።

ያ ሰመር፣ የፈረንጆቹ 2013፣ ረመዳን ሐምሌ ላይ ገባ፤ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድርም እዚያው ውስጥ ወደቀ። ኢፋት እስከዚያ ድረስ የምትጾመው እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት ነበር። በዚያ ዓመት ግን "ሙሉውን ነው የምጾመው፤ አንድም ቀን አላፈርስም" አለች። ሰዒድ ማሻአላህ ብሎ ግንባሯን ሳማት። እኔ ሙቀቱን እያሰብኩ ፈራሁ፤ ነገር ግን ልጅ ለኸይር ሥራ ስትነሳ እናት እንዴት ትከለክላለች?

ከዚያ በኋላ ልጄ ቀዘቀዘች። ሳምንት ሳይሞላ ከቡድኑ ሁሉ ወደ ኋላ የምትቀር እሷ ሆነች። ኮች ዶና ያልሞከሩት የለም። ቆቡ ይሆናል ብለው ጆሮዋን የማይጫን ሌላ ቆብ ሰጧት። "ፊት ለፊት አትመልከቺ፤ ወለሉን እዪ። ራስሽ ቀና ሲል ዳሌሽ ይሰምጣል" አሏት። እሷ ግን አንገቷን እንደ ዳክዬ እያሰገገች ብቅ ትላለች፣ ተመልሳ ትጠልቃለች። በመጨረሻ ሴትዮዋ ወደ እኔ መጡ።

"እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለች ቅዳሜ በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ አስገባለሁ" አሉኝ። "ደስ ብሎኝ አይደለም። ሦስቱም ልጆች ለፍተዋል።" እውነታቸውን ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ዱክ ስትሪት ላይ የትራፊክ መብራት ያዘን። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ልማዳችን ነው።

"ምን ሆነሻል?"

"ናቲንግ።"

"ናቲንግ የሚባል ነገር የለም! ከዚህ ሆድ ነው የወጣሽው!"

ቀና ብዬ በመስታወቱ ሳያት እንባዋ ይወርዳል። ከዚያ በአማርኛ መጣች፤ ነገሩ የምር ሲሆን አማርኛዋ ይመጣል።

"ውሃ እንዳይገባብኝ ነው፣ ማሚ። አፌን ከከፈትኩ ይገባል። ጾሜ ይፈርሳል።"

ልጄ ያን ሁሉ ቀን ትንፋሿን አፍና ነበር የምትዋኘው። ከንፈሯን ገጥማ፣ ደረቷ ሊፈነዳ ሲል ብቻ ብቅ ብላ አየር ትጎርሳለች። መኪናውን ዳር አስይዤ አቀፍኳት።

"ለኮች ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ሺ ዊል ፑል ሚ አውት፤ ታስወጣኛለች። ወይ ጾሙን ተይ፣ ወይ ዋናውን ተይ ትለኛለች።"

ለሰዒድ ነገርኩት። "ሳታስበው የገባውን አላህ ያውቀዋል፤ አትጨነቂ በያት" አለኝ። ብላት፣ ቢላት፣ እንዴት ብላ! ግትርነቷ በእኔ ወጥቷል። "እንግዲያው አንዱን ትምረጥ" አለ ሰዒድ፤ ሲለው ግን ዓይኑ ቀልቷል። የቱን ትምረጥ? ጾሙን ብትተው ለራሷ የገባችውን ቃል ማፍረሷ ነው፤ ዋናውን ብትተው እህቶቿን ማጣቷ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኢፋትን ይዤ ኮች ዶና ፊት ቆምኩ። ለጸብ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ የልጄን ጾም ይንኩና ብቻ ብዬ እንግሊዝኛዬን መንገድ ላይ ሳሾለው ነው የመጣሁት። ነገርኳቸው። ሰሙኝና የዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁኝ።

"ውሃ እንኳን?"

"ውሃ እንኳን።"

"እና እኔ ቆብ እቀይርላታለሁ!" ብለው በመዳፋቸው ግንባራቸውን መቱ። ከዚያ ረጋ ብለው "ጾሟ የእሷና የእናንተ ነው፣ አልገባበትም። ውሃ ውስጥ ስትሆን ግን ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ጥላ ሥር ትቀመጣለች፣ እርጥብ ፎጣ ታደርጋለች፣ ትንሽ እንኳን ካዞራት ትነግረኛለች፣ ያኔ ታፈርሳለች። ተስማማን?" አሉ። እኔም ኢፋትም ተስማማን። ያሾልኩት እንግሊዝኛ ሁሉ ተረፈኝ።

ከዚያ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ በቲሸርታቸው፣ ውሃው ውስጥ ገቡ። እንደዚያ ሲገቡ አይቼ አላውቅም። ኢፋትን አጠገባቸው አቆሙና "አየር በሚወጣበት በር ውሃ አይገባም" አሏት። "አንቺ አየሩን አፍነሽ ይዘሽ መጨረሻ ላይ በአንዴ ስትጎርሺ፣ ያኔ ነው ውሃው አብሮ የሚገባው። ፊትሽ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ አፍሽን ገጥመሽ በአፍንጫሽ አንጎራጉሪ። የፈለግሽውን ዘፈን። ለመተንፈስ ራስሽን አታንሺ፣ ወደ ጎን ብቻ ዙሪ፤ የመነጽርሽ አንዱ ዓይን ውሃው ውስጥ ይቅር።"

ራሳቸው ጎንበስ ብለው አሳዩዋት። ድምፅ አይሰማም፤ ከአፍንጫቸው አረፋ ብቻ ይንፎለፎላል። ኢፋት ሞከረች፣ አስነጠሳት፣ ደገመች፣ ሳቀች። ውሃ ገብቶባት ስትስል አላየሁም። ሐሙስ ዕለት ቦታዋ ጸናላት።

ቅዳሜ ሰዒድ የሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መጣ። የሌሎቹ ልጆች በየደቂቃው ይጠጣሉ፤ የእኔዋ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጥላ ለጥላ ትሄዳለች። ሦስተኛ ሆና ነበር የምትዋኘው። ጓደኛዋ ግድግዳውን ስትነካ እኛ ከስድስቱ ቡድኖች አራተኛ ነበርን። ኢፋት ዘለለች።

ዓይኔ አረፋው ላይ ነበር። እጇን አላየሁ፣ እግሯን አላየሁ። አረፋው ይወጣል፣ ፊቷ ወደ ጎን ዞር ይላል፣ ደግሞ አረፋው ይወጣል። አንዷን አለፈች። "በርቺ! ኢፋት በርቺ!" እያልኩ ስጮህ እነዚያ ሳቃቸውን የዋጡ እናቶችም ስሟን እየጠሩ አብረውኝ ጮኹ። ሌላዋን ልታልፍ ትንሽ ሲቀራት ለአራተኛዋ ልጅ አስረከበች። ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ። አራቱም ልጆች ተቃቅፈው ሲዘሉ እኔ ከማንም በላይ ዘለልኩ፤ ጾመኛ መሆኔንም ረሳሁት።

ሰዒድ ፎጣ ይዞ ተቀበላት። "ገባብሽ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ኖፕ። ጠብ አላለም።"

"ምን እያልሽ ነበር የምታንጎራጉሪው?"

"መኪና ውስጥ የምትከፍተውን መንዙማ። አልጨረስኩትም ባባ፣ ግድግዳው መጣብኝ።"

ሰዒድ ፎጣውን ራሷ ላይ ጣል አደረገና ፊቱን ወደ ፓርኪንጉ አዞረ። ወንድ ሲያለቅስ አይቶ ዝም ማለት አልችልበትም፣ ያን ቀን ግን ለራሱ ተውኩት።

ኮች ዶናን ፍለጋ ሄድኩ። የዋና መለማመጃ ሰሌዳና የመስመር ገመድ እየሰበሰቡ ነበር። "ታንክ ዩ" አልኳቸው። አነሰኝ። "ታንክ ዩ ሶ ማች" አልኩ። እሱም አነሰ። ወሎ ውስጥ ውለታ የዋለ ሰው በዱዓ ነው የሚሸኘው፤ እኔም ሌላ አላውቅም። እዚያው፣ ልጆቹ ከበውን እያዩ፣ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

"አላህ እድሜና ጤና ይስጥዎ። ክፉ አይንካዎ። የልጄን ጾም እንደጠበቁላት አላህ እርስዎን ይጠብቅዎ። የደከሙላቸው ልጆች ሁሉ ይባረኩልዎ። ብቻዎን አይተውዎ።"

ኢፋት "አሚን" አለች። ሦስቱ ልጆች እሷን አይተው፣ ውሃ እየተንጠባጠቡ፣ "አሚን" አሉ።

"ምን አለችኝ?" ብለው ኮች ዶና ኢፋትን ጠየቋት። ልጄ በእንግሊዝኛዋ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ኮች ዶና የያዙትን ሰሌዳ መሬት አስቀመጡ።

"ወላጅ ሁሉ የልጁን የዋና ሰዓት ነው የሚጠይቀኝ" አሉ። "ለእኔ የለመነልኝ ሰው አላስታውስም።" ከዚያ ልክ እንደኔ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ጣቶቻቸው ውሃ ውስጥ ተነክረው የተኮማተሩ ነበሩ።

"እስቲ ድገሚልኝ" አሉኝ።

ደገምኩላቸው።