መኪናው ይነሳ

ኢያቄም ካንዴላውን ፈታና ከነሽቦው የሞተሩ ብረት ላይ አጋደመው። ስልኩን ቪዲዮ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱ አቆመ፤ ዞሮ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ቁልፍ የሚያዞርለት ሰው በግቢው ጠፍቶ አልነበረም። የአከራዩ የእትዬ ሸጊቱ ወንድም፣ ጋሽ ለሜሳ፣ ከጠዋት ጀምረው በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ኢያቄም አንድ ጊዜ ቢለምናቸው፣ ሬሳ ማስነሳት የእሳቸው ሥራ እንዳልሆነ ነግረውታል።

ቪዲዮውን ሲያየው ሰማያዊዋ ብልጭታ ቁልጭ ብላ ትታያለች። እሳት አለ። ቀጥሎ የቤንዚኑን ጎማ ከካርቡራተሩ ነቅሎ ጫፉን ባዶ የውኃ ሃይላንድ ውስጥ ከተተና ቁልፉን አዞረ፤ እየተገፋ መጣለት። ቤንዚንም አለ። ሁሉን መልሶ ገጥሞ ቁልፉን ሲያዞር ግን ሞተሩ ተንገዳገደ፣ አንድ ጊዜ በካርቡራተሩ በኩል ጓ አድርጎ ተፋና ጸጥ አለ።

አንጀቱን ያሳረረው ይህ አልነበረም። አሮጌውን ቮልስ ከሳምንት በፊት ብስራተ ገብርኤል ሲገዛው ይሠራ ነበር። እያሳለና እየተርገበገበም ቢሆን እስከ መካኒሳ አቦ በራሱ ሞተር መጥቶ ነው እዚህ ግቢ የገባው። በማግስቱ እምቢ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ኢያቄም ሥራ ከመሄዱ በፊትና ከሥራ ሲመለስ ከሥሩ አልጠፋም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሸጊቱ ሁለት የቀን ሠራተኞች አስከትለው ገቡና መኪናው ለምን እስካሁን እዚያው እንደቆመ ጠየቁት።

«እስከ እሁድ ማታ ይነሳ አላሉኝም?» አለ ኢያቄም እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ብያለሁ።»

«ይኸው ላስነሳው እኮ ነው። አልመሸም።»

ሴትዮዋ ሞተሩን አዩት፣ እሱን አዩት። «አንተ ልጅ፣ ትቀልድብኛለህ? ይነሳ ያልኩህ ከግቢዬ ይነሳ ነው። ከእግሬ ሥር። ተንተክትኮ ጢሱን እንዲያስታቅፈኝ ነው እንዴ የለመንኩህ?»

ጋሽ ለሜሳ ከበረንዳው ሆነው ሳቁ። «አንቺም እንግዲህ፣ ይኼን ልጅ ተነስ ብትይው ከእንቅልፉ ነው የሚነሳው።»

ሠራተኞቹም ሳቁ። የኢያቄም ጆሮ ጋለ። ሳምንቱን ሙሉ ሞተሩ እንዲነሳ ሲለፋ፣ አንድም ቀን ማቆሚያ አልፈለገም። እትዬ ሸጊቱ ነገሩን አሳጠሩት፦ ነገ የውኃ ሮቶ ይመጣል፤ የሚቀመጠው መኪናው የቆመበት ላይ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ እዚህ ካገኙት እነዚህ ልጆች ገፍተው መንገድ ላይ ያወጡታል። መንገድ ላይ ካደረ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃሉ፤ ጠዋት ጎማም መብራትም አይገኝበትም።

ጓደኛው ጸጋአብ ጋ ደወለ። ጸጋአብ ለቡ በሚያሠራው ቤት ግቢ ቦታ እንዳለው፣ ነገር ግን መግቢያው ቀጥ ያለ አቀበት ስለሆነ ተገፍቶ እንደማይወጣ ነገረው። በራሱ ከመጣ ይምጣ አለ።

ኢያቄም ተመልሶ ሞተሩ ላይ አጎነበሰ። እሳት አለ፣ ቤንዚን አለ፣ ግን ወደ ላይ ይተፋል። ይህ ማለት እሳቱ የሚመጣው በሰዓቱ አይደለም። እሳቱን ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄዱትን አራት ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለ። አጭሩ ሽቦ ሩቅ ካንዴላ ለመድረስ ሊበጠስ ተወጥሯል። ረጅሙ ደግሞ ቅርቡ ላይ ተሰክቶ ትርፉ ተጠምዝዟል። ሞተሩ በሙሉ አፈር ለብሶ አራቱ ሽቦዎች ብቻ ተወልውለዋል። እንዴት ዓይኑ እያየ አለፈው?

አሰካኩን ሲመረምር ደግሞ እንዲያው የተዘበራረቀ አልነበረም። አንድ ሰው ከሞተሩ ቀበቶ፣ ከቺንጋው በኩል ጀምሮ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጥሮ ነው የሰካው። ቶዮታ እንዲያ ይቆጠራል። ቮልስ ላይ ግን ቺንጋው በስተኋላ ነው፤ አንድ የሚባለው ከቺንጋው የራቀው ነው። በዚህ ግቢ ዕድሜውን በሙሉ ቶዮታ ሲነዳና ሲፈታታ የኖረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ጋሽ ለሜሳ፣ ሽቦዎቹን ነክተዋል?»

«እኔ? በዚህ ቆሻሻ እጄን አላጨማልቅም።»

ኢያቄም ክርክር አላበዛም። አራቱንም ነቅሎ በየቦታቸው ሰካና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሁለቴ ተንደፋደፈ፤ ከዚያ ያዘ። ጢስ ግቢውን ሞላው። የቀን ሠራተኞቹ ወደ ግድግዳው ሸሹ።

ጋሽ ለሜሳ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተው ብድግ አሉ። ፊታቸው ተቀያይሯል።

«በትክክል ነው የሰካሁት!» አሉ ከሞተሩ ድምፅ በላይ። «የሚቆጠረው ከቺንጋው ነው። የትም አገር ሂድ፣ ከቺንጋው ነው። ይኼ ነው የተገላቢጦሽ የተሠራው።»

እትዬ ሸጊቱ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ነካኸው?»

«በመጣ ማታ ባጸዳው ሳሉን ይተው ይሆናል ብዬ…» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተቀመጡ።

ኢያቄም መሪውን እንደያዘ ጠበቀ። አንዲት ቃል ጠበቀ፤ ለዛሬ ይደር፣ ወይም አጥፍተናል፣ ወይም ሌላ ምንም። ሴትዮዋ ጢሱን በእጃቸው እያራገቡ መጡ።

«በል ሳይጠፋብህ አውጣው» አሉት።

የቤንዚን መርገጫውን ለቀቅ ሲያደርግ ሞተሩ ሊጠፋ ስለሚል ወርዶ በር መክፈት አልቻለም። ማንም አልተነሳለትም። በመጨረሻ ራሳቸው እትዬ ሸጊቱ ሄደው ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርገው ከፈቱት፤ ሠርገኛ የሚያስገቡ ይመስል ነበር። ቮልሱ እየተንቀጠቀጠ ኮብልስቶኑ ላይ ወጣ። ሁለተኛ ማርሽ ሳያስገባ መዝጊያው ከኋላው ተላተመና መቀርቀሪያው ተጎተተ።

ቀለበት መንገዱ ጋ ሲደርስ ነበር፣ ማታ ከለቡ በታክሲ ተመልሶ ያንኑ በር ማንኳኳት እንዳለበት ትዝ ያለው።