የአውራ ጣት ማረፊያ

ኢዳሊና በፖርቱጋሏ ከተማ ማሪኛ ግራንዴ ውስጥ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ፈሶ ቅርጽ የሚይዝበትን የብረት ሞልድ በሚያወጣ ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት በኮምፒውተር ንድፍ ሠርታለች። እጇ ፈጣን ነው ይሏታል፤ እሷም ይህን ስም ትወደው ነበር።

በመጋቢት የክራንች እጀታ መጣላት። የቀረጹት ሴኞር ቤልሚሮ ናቸው፤ ሰባ ዓመት የተጠጋቸው የፋብሪካው እንጨት ቀራጭ። ጣቶቻቸው በቁርጥማት የተጣመሙባቸውን ሚስታቸውን እያስያዙ፣ እየፋቁ፣ መልሰው እያስያዙ ሦስት ሳምንት ለፍተውበታል። እንጨቱ በስካነር ሲነሳ ግን ኮምፒውተሩ ላይ የቀረው ቆዳው ብቻ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተያያዙበት፣ ውስጡ ባዶ ልባስ። ብረት የሚቆርጠው ማሽን ደግሞ ልባስ አይገባውም፤ ቀዳዳ የሌለው ድፍን አካል ይፈልጋል። ስለዚህ ኢዳሊና በልባሱ ላይ ለስላሳ ንጣፎች እየዘረጋች፣ ጠርዝ ከጠርዝ እየገጠመች መዝጋት ነበረባት።

ሁሉም ገጠመ፤ አውራ ጣት የሚያርፍባት ስርጉድ ብቻ እምቢ አለች። ንጣፎቹ እየተጨማደዱ ሁለት ቀን አስቸገሯት። በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ስርጉዷን ቆርጣ ጣለችና አንድ ሜዳ ንጣፍ ለጠፈችባት። አካሉ ወዲያው ድፍን ሆነ። ‹የሁለት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ማን ያያል?› አለች በልቧ።

ከሳምንታት በኋላ የሞልዱ ብረት ተቆረጠ። የመጀመሪያው እጀታ ሲወጣ ያዘዙት ሰዎች እየተቀባበሉ ያዙት።

«አውራ ጣት ያንሸራትታል» አሉ።

አለቃው ኢንጂነር ቫልደማር ፊቱ ተለዋወጠ። «ከእንጨቱ ነው ከንድፉ?»

«እኔ የመጣልኝን ነው የሠራሁት» አለች ኢዳሊና። ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም።

ሴኞር ቤልሚሮ እጀታውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ቀና ብለው አዩዋት፤ ጥቂት ጠበቁ። «እንግዲህ ዓይኔም አርጅቷል» አሉ በመጨረሻ።

«ጡረታ ይውጡ ብዬ ስንቴ ነገርኩዎት!» አለ ቫልደማር። ሁሉም ሳቁ። ኢዳሊና ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የሴኞር ቤልሚሮ ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱላት ሚስታቸው ዶና ኦቲሊያ፣ ያው የእንጨት እጀታ የተገጠመለትን ክራንች ተደግፈው ነበር።

«ይህን እጀታ እንደኔ ላሉት ሁሉ የምታደርሺው አንቺ ነሽ? እጅሽ ይባረክ ልጄ! ይኸው ከያዝኩት ወዲህ ገበያ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ኢዳሊና መሬት መሬት አየች። ሴኞር ቤልሚሮን ጓሮ፣ የሰላጣ መደባቸው ዘንድ አገኘቻቸውና ሁሉንም ተናዘዘች።

«አውቄያለሁ» አሉ። «እኔ የሠራሁትን ጣቴ ይረሳዋል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ስትዘገዪ እኔ አፈርኩልሽ።»

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ሰኞ ጠዋት፣ በሳቁት ሰዎች ሁሉ ፊት ተናገረች። ቫልደማር አልጮኸም፤ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። የተቆረጠ ብረት አይመለስምና ያ ቦታ በብየዳ ተሞልቶ እንደገና እስኪቆረጥ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። እሷም ሴኞር ቤልሚሮን አጠገቧ አስቀምጣ፣ «እዚህ ጠለቅ አድርጊው፣ አይ፣ በዛ» እያሏት ስርጉዷን በትናንሽ ንጣፎች ሠራቻት።

እጀታው ያለ እንከን ወጣ። ያዘዙት ሰዎች መጥተው የኢዳሊናን እጅ ጨበጡ፤ ሴኞር ቤልሚሮን ግን ይቅርታ ያላቸው አልነበረም። እሳቸውም በሰኔ ጡረታ ወጡ። «ደክሞኝ ነው» አሏት። እሷ ግን እስከ ዛሬ አላመነችም።