አንድ ማንኪያ ወተት

«ወተት ገብቶበታል?»

ጥያቄው ለቅሶ ቤቱን ጸጥ አሰኘው። ዳቦውን የዘረጋችው ጎረቤት እጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የጠየቀችው የሟች ልጅ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራዋም ከቅጥነቷም የተነሳ ቤተሰቡ «መርፌ» ይላታል። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ እናቷ ራሷ ገዝታ ካስቀመጠችላት ዳቦ በቀር ሌላ እህል በአፏ አልዞረም። እሱም ዛሬ ጠዋት አለቀ።

«እኔ እንጃ። ከዳቦ ቤት ነው የገዛሁት» አለች ጎረቤቷ።

«ምልክት የለውም። ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ።»

የእናቷ ዳቦ ምልክት ነበረው። ከላዩ በአውራ ጣት ተጫን ተደርጎ ጎድጉዷል። ያ ምልክት ወተት ያልነካው ማለት ነው፤ መርፌ የምታውቀው እንደዚያ ነው።

«እናቷን ቀብራ ስለ ወተት ትጠይቃለች» አለች ጥግ ላይ የተቀመጠች ሴት፣ የሚንሾካሾክ ሰው ሌላው እንዲሰማ በሚያወጣው ድምፅ።

«ጥጋብ ነው እቴ» አለቻት አጠገቧ ያለችው።

ጥጋብ አልነበረም። ጥጋብ ነው የሚሉ ሰዎች ያ ጉሮሮ ሲዘጋ፣ ያ አንገት እንደ ፍም ሲቀላ አላዩም። ቢያዩም አያፍሩም። የሰው ሕመም መነሻው ካልተገኘ ውሸት ነው የሚል ፍርድ ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ ግን በየለቅሶው ቤት ተቀምጠው ይፈርዳሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ትወድቂያለሽ ኋላ። ቅመሺ እንጂ፣ በሞ...» አክስቷ ቃሉን መለሰችው። ሬሳ በወጣበት ቤት «በሞቴ» አይባልም።

ለነገሩ መርፌ ያንን ቃል የምታውቀው በግልባጩ ነው። የሰው እናት «በሞቴ ብዪ» ስትል የእሷ እናት «በሞቴ ተዪው» ነበር የምትላት። ነገሩ የጀመረው ገና ሕፃን ሳለች ነው። ጎረቤት ቤት ወተት ጠጥታ ሲያስመልሳት አደረ፤ እናቷ አዝላት ወደ ክሊኒክ ሮጠች። ወተቱ የተበላሸ ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። ወተት ከቤት ወጣ። ሌላ ቀን ጉንጯ አሳከካት፤ የዚያን ዕለት እንቁላል በልታ ስለነበር እንቁላልም ተከተለ። ከዚያ ዓሣ። በመጨረሻ ከሰው እጅ የመጣ ሁሉ።

እናቷ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነበር የምትሠራው። ለሰው ልጅ በትልልቅ ድስት ወተት ስታፈላ ውላ፣ ማታ ልብሷን ቀይራ እጇን እስከ ክርኗ ሳትታጠብ የራሷን ልጅ አትነካም። የመርፌ ወንድም ወተቱን በር ላይ ቆሞ ጠጥቶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ ነው የሚገባው። ገበታ ሲቀርብ መርፌ አስቀድማ የእናቷን ፊት ታያለች። እናቷ ራሷን ከነቀነቀች ትበላለች። ሰው በአፉ ይበላል፤ እሷ በእናቷ ዓይን ነበር የምትበላው።

አሁን ያ ዓይን ተከድኗል። ታዲያ ነገ ምን ትብላ? ማንን ጠይቃ?

ቀትር ካለፈ በኋላ ዳቦ ጋጋሪው መጡ። ቅንድባቸው ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሽማግሌ ናቸው። እጅ ነስተው ተቀመጡና የያዙትን ፌስታል ጭኗ ላይ አኖሩላት።

«የለመድሽው ነው ልጄ። እኔ ማድረግ የምችለው ይቺኑ ነው።»

ከፈተችው። የአውራ ጣቱ ምልክት አለ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ላላ።

«ይባረኩ ጋሼ። ወተት የሌለውን ማን ያመጣልኛል ብዬ ተጨንቄ ነበር።»

ሽማግሌው ተደናገሩ፤ አጠገቧ ወደተቀመጠው ወንድሟ አዩ፤ ወደ እሷ ተመለሱ። «የሌለውን ነው ያልሽኝ? ሌላው ዳቦዬማ መቼ ወተት ያውቃል፤ ሁሉም በውሃ ነው የሚቦካው። ወተት ያለው ያንቺ ብቻ ነው። ምልክቱንስ ያደረግነው ከሌላው እንዳይቀላቀል አይደል?»

«ማን ነው ወተት የጨመረበት?»

«እናትሽ ናታ። መጀመሪያ በማንኪያ ነበር የምታመጣልኝ። አንዲት ማንኪያ ለአንድ ሊጥ! ሳቅሁባት። ሐኪም ነው ያዘዘኝ አለች። ከዚያ ሁለት ማንኪያ፣ ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ። አሁን ሙሉ ብርጭቆ ደርሰናል።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ካወቀች አትበላም፤ ጉንጯ ትንሽ ይሙላና ራሴ እነግራታለሁ አለችኝ። ሰሞኑን ሞላ ብሎ ሳየው ነግራታለች ብዬ ነበር። ምላሴን ይቁረጠው።»

መርፌ አንገቷን ያሳክካት ጀመር። ጠዋት የበላችው ዳቦ እስከ አሁን ተኝቶ፣ ስሙ ሲጠራ የነቃ ይመስል ጉሮሮዋ ጠበበ። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ታክሲ ነጂው ወንድሟ ተከተላት።

«የበላሽው ጠዋት ነው እኮ መርፌ። ወተት የማይስማማው ሆድሽ ነው ወይስ ጆሮሽ?»

«አትቀልድ። ሊገድለኝ ይችል ነበር።»

«አልገደለሽም።»

«እሷ በምን አውቃ ነው?»

ይህን እንዳለች መልሱ ራሱ መጣ። ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። ሐኪሙ ደሟን መርምሮ፣ እዚያው ፊቱ እያስቀመሰ አይቶ፣ «አለርጂ የለብሽም። ሰውነትሽ ግን መፍራት ተምሯል። ቀስ እያልሽ ልታስረሺው ትችያለሽ» አላት። መርፌ ጮኸችበት፤ «ውሸታም ነሽ ነው የምትለኝ?» እናቷ ደግፋት ቆመች። «ልጄን የማውቃት እኔ ነኝ» ብላው ወጡ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ግን እናቷ ሻርፔን ረሳሁ ብላ ብቻዋን ተመለሰች። ቆየች። ለሻርፕ የሚሆን ቆይታ አልነበረም።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«እኔን ማን ይነግረኛል። ወተቴን ውጭ ቆሜ የምጠጣ ሰው ነኝ።»

ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። በማን እንደተናደደች ግን አላወቀችም። አንዷ እናት ፍርሃቱን አጎረሰቻት። ሌላዋ በማንኪያ እየለካች፣ ተደብቃ ልትነቅለው ስትሞክር ኖረች። ሁለቱም ዋሽተዋታል። ሁለቱም አንድ መቃብር ውስጥ ናቸው።

«የቷን ነው የማለቅሳት?» አለች።

ወንድሟ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳላት። ጠጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ማሳከኩ አልጠፋም፤ ግን አልጨመረም። ጉሮሮዋ ውሃውን አሳለፈ፤ ምራቋንም አሳለፈ። ሐኪሙ ሲያስቀምሳት የሆነችውም ይህንኑ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ለማየት አልፈለገችም።

ወደ ሳሎን ተመለሰች። ሽማግሌው ሊሄዱ ቆመዋል።

«ይሄኛውም አለበት?» አለቻቸው ዳቦውን ይዛ።

«ከራሴ ነው የጨመርኩበት። ሙሉ ብርጭቆ። አልዋሽሽም።»

ተቀመጠች። ቆረሰች። ወንድሟ ራሱን ሊነቀንቅላት ሲል አየችው።

«ተው። አንተ አትንገረኝ።»

ጎረሰች። ብዙ አላመጠች፤ ለመዋጥ የፈራ ሰው እንደሚያላምጠው። ዋጠች። ክፍሉ ሁሉ አፏን ያያል፤ አላፈረችም። ሁለተኛውን ቆረሰች። ፍርፋሪው ጥቁር ቀሚሷ ላይ ተበተነ።

«እንዴት ነሽ?» አለቻት አክስቷ።

«አላውቅም።»

እንባዋ መጣ። አልጠረገችውም። ጣቷን በምላሷ አርሳ፣ ከጥቁሩ ጨርቅ ላይ ፍርፋሪውን አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ አፏ ትወስድ ጀመር።