ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ

ልብስ ሰፊዋ እንደዚያ ቀን ተናዳ አታውቅም። በማታውቀው አገር አየር ማረፊያ፣ ሻንጣዋን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ይዛ ብረት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያረፈችው ትናንት ማታ ነው፤ ቀጣዩ አውሮፕላኗ የሚነሣው ዛሬ አመሻሽ ላይ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ታናሽ ወንድሟ ደወለ።

«እታለም፣ አባባ ለቀዶ ጥገናው አልገባም አሉ! ልጄን ሳላይ ቢላ አይነካኝም ብለው አልጋው ላይ ቁጭ ብለዋል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ትናንት ረቡዕ ማታ ትደርሳለች ብዬ ነግሬያቸው ነበር።»

«ማን ረቡዕ እደርሳለሁ አለህ? ትኬቱን ልኬልህ የለም እንዴ?»

«የመነሻ ሰዓትሽን አየሁ። ከዚያ የሁለቱን አየር ማረፊያዎች ርቀት ስልኬ ላይ ፈለግኩ፤ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይላል። ደመርኩት።»

«ቀጥታ በረራ እንደሌለ አታውቅም? እኔ ወፍ ነኝ? አንተ ጅል!»

ወንድሟ ድምፁ ተሰበረ። የልባቸው ደም ሥር ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፤ ዛሬ ካልገቡ ኃላፊነቱን አልወስድም ብሏል ሐኪሙ።

«ስጣቸው ስልኩን!»

አባቷ አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ተነሥ፣ ቁም የሚላቸው ኖሮ አያውቅም።

«የት ደረስሽ ልጄ?»

«ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነኝ አባባ። ነገ ነው የምደርሰው፤ እባክዎ ይግቡ።»

«እጠብቅሻለሁ። ሳላይሽ ብሞትስ?»

እዚህ ላይ ደሟ ፈላ። ዕድሜዋን ሙሉ «አንቱ» ስትላቸው የኖረችውን ሰው፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ ጮኸችባቸው። «ቁጭ ብለህ ስትጠብቀኝ ብትሞትስ? ሬሳ ልስም ነው ይህን ሁሉ አገር የማቋርጠው? ግባ! አሁኑኑ ግባ!»

ሻንጣ የሚጎትቱ መንገደኞች ቆመው አዩዋት። ከዚያኛው ጫፍ አባቷ ነርሷን «አምጪው በይ ያንን የቀዶ ጥገና ልብስ» ሲሏት ሰማች፤ ስልኩም ተዘጋ።

አምስት ሰዓት ሙሉ ማንም አልደወለላትም። መቀመጥ አልሆነላትም፣ መቆምም አልሆነላትም። ራሷን ረገመች፣ ወንድሟን ረገመች፣ ሻንጣዋን በእርግጫ መታች። «ወጡ፤ ደህና ናቸው» የሚል መልእክት ሲመጣ አላለቀሰችም። ወንድሟ ዘንድ ደውላ ስድቡን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችለት።

አርብ ጠዋት ሆስፒታል ስትገባ አባቷ ነቅተዋል። አይተዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንዲያ የጮኸብኝ ሰው የለም» አሉ በደከመ ድምፅ።

«እንግዲህ ይልመዱት» አለች። ንዴቷ ገና አልበረደላትም። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻቸው አለበሰቻቸው። እሳቸውም አልከለከሏት።