የሐጂ ሸሃታ ፊኛ

ሐጂ ሸሃታን ግራ ያጋባቸው የሽንታቸው መቅላት አይደለም። ቦዩ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ያደጉት የመንደራቸው ወንዶች ሁሉ በልጅነታቸው ቢልሃርዚያ ይዟቸው ቀይ ሸንተዋል፤ እንዲያውም የሚሾፍበት ያልቀላበት ልጅ ነበር። ግራ የገባቸው ምርመራው ሲበዛ ነው። የመንደሩ ክሊኒክ በአልትራሳውንድ አይቶ «ፊኛዎ ንጹሕ ነው» አላቸው። ከተማ ሄደው ሲቲ ስካን ቢነሱ፣ የፊኛው ግድግዳ ወፍሮ ኖራ እንደተቀባ ነጭ ሆኗልና ካንሰር ይኑር አይኑር አይለይም ተባሉ። ኤምአርአይ የሚባለው ሌላ ማሽን ደግሞ «ዕጢ ሳይሆን አይቀርም» አለ። አሁን ማንን ይመኑ? ካንሰር ሆኖ ሥር ከሰደደ ፊኛው ተቆርጦ ይወጣል። የሽንት ከረጢት በጎናቸው አንጠልጥለው ሩዝ ማሳ ውስጥ ሲያጎነብሱ ታያቸውና ፈሩ፤ ክፉኛ ፈሩ።

«እኔ የመጀመሪያውን ምርመራ ነው የማምነው» አሉ፣ ሐኪሙ ዶክተር ወግዲ ፊት ተቀምጠው።

«አባዬ፣ ይሄ የሐብሐብ ገበያ መሰለህ? ደስ ያለህን አንኳኩተህ የምትመርጠው!» አለች ልጃቸው ሳብሪን።

«አንቺ ደግሞ! ትልቅ ማሽን ሁሉ እውነት ይናገራል ያለሽ ማነው?»

ዶክተር ወግዲ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ሐጂ፣ አልትራሳውንዱን ሲነሱ ሽንትዎን ይዘው ነበር?»

«ይያዙ ብለውኝ ነበር። ታዲያ ሰው ሆዴን ሊነካ ነጃሳ ይዤ ልጋደም? አይደረግም! ሸንቼ፣ ታጥቤ፣ ውዱዬን አድርጌ ነው የገባሁት።»

ሳብሪን ግንባሯን ያዘች።

«ባዶ ፊኛ እኮ እንደ ባዶ ጆንያ ይተጣጠፋል» አለ ሐኪሙ። «ውስጡ ያለው በምን ይታያል? ሲቲውን ደግሞ የድሮው የቢልሃርዚያ ጠባሳ ጋረደው። ኤምአርአዩ ከሁለቱ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም። ለማንኛውም አሁን ውሃ ይጠጡና ደግመን በአልትራሳውንድ እንየው።»

ሐጂ ሸሃታ ጭራሽ ዞረባቸው። አንዱን እሳቸው ራሳቸው አሳስተውታል፣ አንዱ ተጋርዷል፣ አንዱ ይጠረጥራል። ታመዋል ወይስ አልታመሙም? ይህን የሚነግራቸው ሰው ጠፋ። ውሃውን ጠጥተው፣ ሽንታቸው ወጥሮ እስኪያስጨንቃቸው ቆይተው አልጋው ላይ ተጋደሙ።

ስክሪኑ ላይ፣ ጥቁር ሆኖ በሚታየው ሽንት መሃል፣ ከግድግዳው ብቅ ያለ የአበባ ጎመን ራስ የሚመስል ነገር ታየ።

«የረጋ ደም ሊሆን አይችልም?» አለች ሳብሪን፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ይችላል። ሐጂ፣ እስቲ በቀኝ ጎንዎ ይዙሩልኝ። የረጋ ደም ወይም ጠጠር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ይንከባለላል። ዕጢ ከሆነ ግን ግድግዳው ላይ የበቀለ ነውና ካለበት ንቅንቅ አይልም።»

ይህችን ተረዷት። ከዚህ ሁሉ ቀን በኋላ አንድ የገባቸው ነገር ተገኘ። ቢስሚላህ ብለው ዞሩ፤ ስክሪኑ ከጀርባቸው ሆነ።

«ሄደ?»

ሐኪሙ መመርመሪያውን ሆዳቸው ላይ እያዘዋወረ ደግሞ አየ።

«ሳብሪን! ሄደ ወይ?»

«አልሄደም አባዬ።»

ሐኪሙ ሆዳቸው ላይ የቀረውን የምርመራ ቅባት የሚጠርጉበት ሶፍት አቀበላቸውና ተነስተው ሽንት ቤት መሄድ እንደሚችሉ በቀስታ ነገራቸው። ሐጂ ሸሃታ አልተነሱም። ጉልበታቸውን ሰብስበው በቀኝ ጎናቸው እንደተኙ ቀሩ።

«ቆይ» አሉ፣ «ትንሽ እንጠብቀው።»